ዱክ ኑከም ፎርኤቨር፦ 14 ዓመት ተጠብቆ የመጣው ይሄ ነበር?

የመክፈቻው ፖስት (የኔ)

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ባለፈው ሳምንት የድሮ ሀርድ ዲስክ ሳጸዳ ዱክ ኑከም ፎርኤቨር የሚባለውን ጌም አገኘሁትና እስቲ ልየው ብዬ ጫንኩት፣ ሦስት ማታ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት፣ ከዛ ወዲህ ግን ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር አለ፣ እዚህ ካላወጣሁት አይለቀኝም። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው፣ እንዳንደናገር።

ዱክን ለማታውቁት፣ ጥቁር መነፅር ያደረገ፣ እጅ የሌለው ቀይ ካናቴራ የለበሰ ጡንቸኛ ነው፣ ኤሊየኖች ምድርን ሲወሩ ብቻውን ያባርራቸዋል፣ እየተኮሰ ይቀልዳል። እኔ ያወቅኩት በዱክ ኑከም 3ዲ ነው፣ የ1996ቱ። ፒያሳ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ዶስ ስንማር አስተማሪያችን ለሻይ ሲወጣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የጌሙን ስም እንጽፍና ኢንተር እንላለን፣ ከዛ ጣሪያ ላይ ነህ። በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ወርደህ መንገድ ላይ ትወድቃለህ፣ ፊት ለፊትህ ሲኒማ ቤት አለ። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ሽንት ቤት አለ፣ መስታወቱ ውስጥ ራስህን ታያለህ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ስትነካው መብራቱ ይጠፋል። በዛን ጊዜ የሌላው ጌም ግድግዳ በቃ ግድግዳ ነበር እኮ! እኛ ኤሊየኑን ትተን መብራት ስናበራ ስናጠፋ ነበር የምንውለው።

እና ተከታዩ በሚያዝያ 1997 ታወጀ። ሠሪው 3ዲ ሪልምስ፣ ቴክሳስ ጋርላንድ። መጀመሪያ በኩዌክ ኢንጂን (ኢንጂን ጌሙ የሚቆምበት መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው) አሉ፣ ከዛ ኩዌክ 2፣ በ1998 አትላንታ ኢ3 የሚባለው የጌም ኤግዚቢሽን ላይ ትሬለር አሳዩ፣ ሰው አበደ፣ ትሬለሩ በታየ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ አንሪል ወደሚባል ሌላ ኢንጂን ዞርን አሉ። በ2001 ሌላ ትሬለር፣ ሰው እንደገና አበደ። ከዛ ዝምታ። መቼ ነው ሲባሉ ሲያልቅ ነው የሚል መልስ። በግንቦት 2009 ሠራተኞቹ ተበተኑ፣ አሳታሚው ቴክ ቱ ከሰሳቸው፣ በ2010 ጊርቦክስ የሚባል ሌላ ጌም ሠሪ ድርጅት ገዛውና በሰኔ 2011 ወጣ። ከተጠበቀው ሁሉ በኋላ የተቺዎችን ነጥብ በሚሰበስበው ሜታክሪቲክ ላይ ፒሲው 54፣ ፕሌይስቴሽን 3ው 51፣ ኤክስቦክስ 360ው 49 ከመቶ።

አሁን የኔ ነገር። ሰው ሁሉ ስለዘገየ ተበላሸ ይላል። እኔ አልስማማም። መዘግየቱ ብቻውን ጌም አይገድልም። የገደለው እንዲዘገይ ያደረገው ነገር ነው፣ የጎረቤት ድስት ሲያሸት የራሱን ድስት አሳረረ። አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር እኛም እንደሱ ብለው አፈረሱ፣ በመጨረሻ የወጣው የሌሎቹን ልማድ ይዞ የራሱን ጥሎ ነው። ግን ደግሞ ቆሻሻ ነው የሚለውንም አልቀበልም፣ ምክንያቱም ገና ሲጀመር ነጭ ሰሌዳ አለ፣ ወታደሮቹ የጥቃት እቅድ ንደፍልን ይሉሃል፣ ማርከሩን ታነሳና በማውስ የፈለግከውን ትስላለህ። እኔ ሀ ሁ ሂ ብዬ ጻፍኩበት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሂ ላይ ተበላሸብኝ፣ ግን ወታደሮቹ እቅዱን አደነቁልኝ። ያንን ሳይ የሲኒማ ቤቱ መብራት ትዝ አለኝ። የሠራው ሰው ያኔም ያው ሰው ነው፣ እጁ ይታወቃል። እናንተስ ምን ትላላችሁ፣ የጠበቃችሁት አላችሁ?

ክሩ (ከፖስቱ ሥር ያለው የመልስ ሰንሰለት) ረዝሟልና አሁን ለሚገባ ሰው እንዲመች የመጣውን በቁጥሩ እየጠራሁ ልንገራችሁ

መልስ 1 የጨዋ መልስ ነበር፣ ሰላምታ ሰጥቶ በሐሳቤ እንደሚስማማና እሱም ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ቀኑን እንደጨረሰ ጻፈ። መልስ 2 እርማት ነው፣ ዱክ የጀመረው በ1996 ሳይሆን በ1991 እንደሆነ፣ ያኔ ከጎን የሚታይ እየዘለሉ የሚጫወቱት ጌም እንደነበረና መነፅሩም ያኔ እንዳልነበረ አስታወሰኝ። ልክ ነው፣ እኔ የጀመርኩት ከ3ዲው ስለሆነ ነው እንደዛ የጻፍኩት።

መልስ 3 ላይ አንዱ ጌሙን በ2003 እንደተጫወተው ማለ፣ 2011 ያልኩት ስህተት ነው ብሎ ተከራከረ። እኔ በፈረንጅ ብዬ እኮ ነው የጀመርኩት! የሱ 2003 በኛ ነው፣ ሰኔ 2003። የታወጀው ደግሞ በኛ ሚያዝያ 1989 መሆኑ ነው። ይቺን ቁጥር ያዟት፣ በኋላ ትመጣለች።

መልስ 4ን ከሁሉም በላይ ወድጄዋለሁ። ጋርላንድ የሚኖር ወንድማችን ነው። ቴክሳስ ከገባ ጀምሮ እንጀራ የሚገዛው፣ ለቅሶም ሠርግም የሚሄደው እዛው ጋርላንድ እንደሆነ፣ ዳላስ አካባቢ ካለው ሐበሻ ብዙው እዛ ሰፈር እንደሆነ፣ ግን ልጅ ሆኖ ያበደለት ጌም የተሠራው እዛችው ከተማ መሆኑን እስከዛሬ እንዳላወቀ ጻፈ። የገዛው ጊርቦክስ ደግሞ በወቅቱ ፕሌኖ ነበር፣ ይሄ ልጅ በሥራ ምክንያት በየቀኑ የሚያልፍበት ከተማ። ያ ሁሉ ዓለም ያወራበት ነገር ከአንዱ ከተማ ወደ አጠገቡ ነው የተዛወረው፣ በመኪና ሩብ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንዲሁ ጌሙ የሰው ሥራ መሆኑን ስላስታወሰኝ ይሆናል።

ከዛ 5፣ 6 እና 7 ጋርላንድ ውስጥ ጤፉ ያልተቀላቀለበት እንጀራ የት እንደሚገኝ ወደሚል ሄዱ። ጠቃሚ ነው ግን ጌሙ ተረሳ።

መልስ 8 በንዴት መለሰን። ሰዎቹ ሰነፎች እንደነበሩ፣ 14 ዓመት በሰው ገንዘብ ሲቀልዱ እንደኖሩና እኔም እንባ የማፈስላቸው ፋራ ስለሆንኩ እንደሆነ ጻፈ። ስድቡን ትቼለታለሁ። ግን መልስ 9 ላይ በቁጣ ነው የመለስኩለት፣ ምክንያቱም የሰው ገንዘብ የሚለው ልክ አይደለም። ለአብዛኛው ጊዜ ወጪውን የሸፈነው ስቱዲዮው ራሱ ነው፣ ከዱክ 3ዲ ባገኘውና በኋላም ማክስ ፔይን የሚባለው ጌም ላይ ከነበረው ድርሻ። ቡድኑም ትንሽ ነበር፣ ሌሎች ስቱዲዮዎች በመቶ ሰው ሲሠሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ግንቦት 2009 ላይ ከተባረሩት ውስጥ ጥቂቶቹ ሥራውን አልተዉትም። የየቤታቸው ኮምፒውተር ላይ ቀጠሉ፣ ትሪፕቲክ የሚል ስም አወጡና ጊርቦክስ እስኪመጣ ድረስ ጌሙን በሕይወት ያቆዩት እነሱ ናቸው። ደመወዝህ ቆሞ፣ ዓለም እየሳቀብህ፣ ድርጅቱ ፍርድ ቤት እየቆመ ማታ ማታ ቁጭ ብለህ የምትሠራ ከሆነ አንተ ሰነፍ አይደለህም። እዚህ ላይ አልመለስም።

መልስ 10 ፕሮግራመር ነኝ ያለ ሰው ነው፣ ክሩን ቁም ነገር ያደረገው እሱ ነው ማለት እችላለሁ። ኢንጂን መቀየር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አስረዳ። ጣሪያውን ክዳን አልብሰህ ቀለም ልትቀባ ስትል መሠረቱን እንደማውጣት ነው አለ፦ ካርታው፣ ብርሃኑ የሚወድቅበት መንገድ፣ ጠላቱ አንተን አይቶ የሚዞርበት ኮድ፣ ሁሉም የተጻፈው ለዛኛው ኢንጂን ስለሆነ አብዛኛው ይጣላል፣ ሥዕሉም ቢተርፍ ከአዲሱ ግራፊክስ ጎን ሲታይ ያረጀ ይሆናል። ከዛ ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን ጨመረ። እኔ ለመከላከያ ያቀረብኩት የራሳቸው ገንዘብ ነው የሚለው ራሱ በሽታው እንደሆነ። በሰው ገንዘብ የሚሠራ ሰው ባለገንዘቡ መጥቶ በቃ፣ በዚህ ቀን አስረክብ ይለዋል። እነሱን ማን በቃ ይበላቸው? ገንዘቡም የራሳቸው፣ ውሳኔውም የራሳቸው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ የምትሻሻል ነገር አለች። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ቆሜ አሰብኩበት። ልክ ነው። የኔ ክርክር ግማሹ እዚህ ላይ ተስተካክሏል።

መልስ 11 ቲም ፎርትረስ 2 የሚባለውን ጌም አነሳ። እሱም በ1990ዎቹ መጨረሻ ታውጆ፣ ተረስቶ፣ በጥቅምት 2007 ወጥቶ ሰው ሁሉ ወደደው። ያም ዘገየ፣ ግን ሲመጣ ማንንም የማይመስል የካርቱን መልክ ይዞ መጣ። የኔን ሐሳብ ከዚህ የተሻለ የደገፈልኝ የለም።

መልስ 12 አንዲት እህታችን ናት፣ አጭር ነው የጻፈችው። ጌሙን ከባሏ ጋር ጀምራ መሃል ላይ ኤሊየኖቹ ጎጆ ውስጥ ስትደርስ እንዳጠፋችው። ለማታውቁት፣ እዛ ክፍል ውስጥ ተማርከው የተወሰዱ ሴቶች ግድግዳው ላይ ተጣብቀው እያለቀሱ ትደርሳለህ፣ ዱክ እዛም ላይ ይቀልዳል። ከዛ 13፣ 14 እና 15 ተነሱባት፦ ቀልድ አታውቂም፣ ዱክ ድሮም እንዲህ ነው፣ ጌም እኮ ነው ምናምን። አንዱማ ባሏንም ነካክቶ ነው የጻፈው፣ ያንን አስተዳዳሪው አጥፍቶታል፣ ደግ አደረገ። እኔ መልስ 16 ላይ ከሷ ጋር ቆሜያለሁ፣ አሁንም እዛው ነኝ። ያ ክፍል ሲወጣም ከፍተኛ ወቀሳ የመጣበት ነው። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ የነበረው ቀልድ በትልቅነቱ የሚኮራ ሰው ላይ ነው፣ ራሱን በመስታወት አይቶ የሚያደንቅ። እያለቀሰች ያለች ሴት ላይ ሲሆን ግን ምኑ ያስቃል? የቀልዱ ባለቤት ያልገባው እዚህ ጋ ነው። ከ1997 እስከ 2011 ግራፊክሱን ደጋግሞ ያደሰ ሰው ቀልዱን አንድ ጊዜ አላየውም።

መልስ 17 ወደ ጠመንጃ መለሰን፣ ተመስገን። በ3ዲው ሁሉንም መሣሪያ ይዘህ ትዞራለህ፣ ማቀዝቀዣውም ማሳነሻውም ሮኬቱም ኪስህ ውስጥ ነው፣ በፎርኤቨር ግን ሁለት ብቻ። እንደ ድሮው በቁጥር የሚታይ የጤና መለኪያም የለም፣ በሱ ፈንታ ኢጎ የሚባል መስመር አለ፣ ተደብቀህ ትንሽ ከጠበቅክ ይሞላልሃል። ይሄ ሁሉ በ2001 ከወጣው ሄሎ ከሚባለው ጌም ጀምሮ የተለመደ ነው። እና የመልሱ ጸሐፊ አንዲት ቦታ አስታወሰን፦ ለዱክ እንደ ሄሎው ጀግና ዓይነት የብረት ልብስ ይሰጠዋል፣ እሱ ይሳለቅበትና አይለብሰውም። ልብሱን ናቀ፣ ሕጉን ግን ወሰደ! ክሩ ውስጥ ከተባለው ሁሉ ይቺ ናት የከነከነችኝ፣ የመክፈቻው ፖስት ላይ ብጽፋት ምን ነበር።

ስለ ኢጎው ግን አንድ ነገር ልከላከልለት። መስመሩ የሚረዝመው ዓለሙን ስትነካካ ነው፣ መስታወት ስታይ፣ ክብደት ስታነሳ፣ ፒንቦል ስትጫወት፣ ፈንዲሻ ማይክሮዌቭ ውስጥ ስትከት። ያ የራሳቸው ሐሳብ ነው፣ ጥሩ ሐሳብም ነው። 18 ደግሞ በፒሲው በኋላ በመጣ ፓች (ማሻሻያ) አራት ጠመንጃ መያዝ እንደሚቻል ጠቆመ፣ እኔም አሁን የተጫወትኩት በዛ ነው፣ ለውጥ አለው።

መልስ 19 ፍራንክፈርት የሚኖር ሰው ነው፣ የወጣ ቀን ሰኔ 10 ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ለኤክስቦክስ ገዝቶ ቤት ገባ። ስለ ሎዲንጉ፣ ጌሙ እስኪከፈት ስለሚጠበቀው ጊዜ ነው የጻፈው። ትሞታለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ትገባለህ፣ ያው ጭራቅ ያው ቦታ ላይ ይገድልሃል፣ ትጠብቃለህ። እየጠበቀ ቡና አፍልቶ እንደጨረሰ ጻፈ፣ ሦስተኛው ላይ ተወው። 14 ዓመት የጠበቀ ሰው ሎዲንግ ላይ ተስፋ መቁረጡን ሳነብ እኔም አብሬው ተናደድኩ፣ የኮንሶሉ ነጥብ ከፒሲው ዝቅ ያለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

መልስ 20 ግን ተቃወመ፣ ሁላችሁም የሰማችሁትን ነው የምትደግሙት ብሎ በሹል ቃል ጀመረ። እሱ ጌሙን እንደወደደው፣ በተለይ በርገር ቤቷን። እውነቱን ነው እኮ፣ ያቺ ክፍል ትበልጣለች፦ ዱክ አንሶ የአሻንጉሊት ያህል ይሆናል፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ኤሌክትሪክ የያዘው ውሃ ተኝቷል፣ አንተ ከመደርደሪያ መደርደሪያ፣ ከሰሃን ሰሃን እየዘለልክ ታልፋለህ፣ ጠላቶችህም እንዳንተው አንሰው ከማሰሮው ጀርባ ይተኩሱብሃል። ማንም ሌላ የተኩስ ጌም ያንን አላሳየኝም። ካሲኖው ውስጥ ትንሿን አሻንጉሊት መኪና የምትነዳበትም አለ። 20 ይሄን በማስታወሱ አመሰግነዋለሁ፣ በቁጣውም ቢሆን።

21 ተቺዎቹ ተገዝተው ነው ዝቅተኛ የሰጡት አለ። 22 ወዲያው አረመው፣ የሆነው ሌላ ነው። የጌሙን ማስታወቂያ የያዘው ድርጅት በትዊተር መጥፎ የጻፉትን ሰዎች ከእንግዲህ ማን ጌም እንደሚላክለት እናያለን ብሎ ስላስፈራራ የቴክ ቱ ክፍል የሆነው አሳታሚ 2ኬ ከድርጅቱ ጋር ግንኙነቱን አቋረጠ። ተገዝተው አይደለም፣ እንደውም መጥፎ ስለጻፉ ነው ዛቻ የደረሰባቸው። 23 ስለ 2022ቱ መውጣት ጻፈ፣ የ2001ዱ ሥሪት ኢንተርኔት ላይ ሾልኮ ወጥቶ፣ የድሮዎቹ ሠሪዎችም እውነተኛ መሆኑን አረጋግጠው። ብዙ ሰው ያኛው ቢወጣ ኖሮ ብሎ ተቆጨ። እኔ ግን አይቼዋለሁ፣ የተጀመሩ ክፍሎች ናቸው እንጂ ያለቀ ጌም አይደለም፣ ትሬለሩ ያሳበደን ስላልተጫወትነው ነው። 24 ብዙ ዓመት በመሠራት የተያዘው ክብረ ወሰን አሁን የዱክ አለመሆኑን አሳወቀ፣ ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል 2 የሚባለው ጌም በ2022 አልፎታል፣ እሱ ደግሞ ገና አልወጣም።

25 ላይ ያቺ ቁጥር መጣች። ሰውየው የጌሙ መጨረሻ አሜሪካ ያለው ሁቨር ግድብ ላይ መሆኑን ካስታወሰ በኋላ ሒሳብ ሠራ፦ ዱክ በኛ ከ1989 እስከ 2003፣ 14 ዓመት። የህዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 2003፣ ጌሙ የወጣው ሰኔ 2003፣ ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜ 2017፣ 14 ዓመት። ዱክ ሲያበቃ ግድቡ ጀመረ፣ ሁለቱም እኩል ፈጁ። እኔ ቁጭ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ፣ ልክ ነው። ከዛ 26፣ 27 እና 28 ስለ ተርባይን፣ ስለ ቦንድ፣ የማን አባት ስንት ብር እንዳዋጣ፣ ወደ ፖለቲካ ሊገባ ሲል አስተዳዳሪው ዘጋው። የኔ አባትም ሁለት ጊዜ ቦንድ ገዝተዋል፣ ይሄን ለመጻፍ ነበር፣ ሲዘጋብኝ እዚህ ጻፍኩት።

29 ላይ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ያ መልስ 8 ላይ የሰደበኝ ሰው ተመለሰ። ይቅርታ የሚል ቃል አልጻፈም፣ ግን ጌሙን በሕይወቱ ጨርሶት እንደማያውቅና የቤት ኮምፒውተር ላይ ሠሩት የተባለውን ካነበበ በኋላ ላፕቶፑ ላይ እንደጫነው ጻፈ። በረሃው ላይ ትልቁ መኪና ነዳጅ ጨርሶበት ቆሟል፣ የት ነው የሚገኘው ብሎ ጠየቀ። ነዳጁ ሰው የለቀቀው መንደር ውስጥ እንዳለ፣ ተኩሱን ሳይቸኩል ቤት ለቤት እያየ እንዲሄድ፣ ፓቹን ካልጫነ አሁኑኑ እንዲጭንና አራት ጠመንጃ እንዲይዝ መልስ 30 ላይ ነገርኩት። 31 ዛሬ ሌሊት ነው የገባው፣ ነዳጁን አግኝቶ ግድቡ ጋ ደርሷል።